አውሮፕላኑ ለምን ቆመ? እናቴ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ቦሌ አራብሳ ለሚኖር ሰው አውሮፕላን እንግዳ ነገር አይደለም። ልብስ ሊያሰጣ በረንዳ የወጣ ሰው ቀና ሲል አንዱ መብራቱን እያብለጨለጨ ሲያልፍ ያያል። እናቴማ በድምፁ መለየት ጀምራለች፤ ቡናዋን እየቆላች «ይሄ ሂያጅ ነው፣ ያኛው መጪ ነው» ትላለች። ባለፈው ሐምሌ አንድ ማክሰኞ ሌሊት ግን ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ የጠበቀችው አንድ አውሮፕላን ብቻ ነበር፤ እህቴንና ሁለት ልጆቿን ይዞ አሜሪካ ወዳለው አባታቸው የሚሄደውን።

ሊነሳ የነበረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የተነሳው ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ ስለማይገባ እኛ ከቦሌ ተመልሰን ቤት ነበርን። እህቴ ከጌቱ፣ ከመሳፈሪያው በር፣ አጠገብ በቴሌግራም የምትልከውን እያነበብኩ ለእናቴ እነግራታለሁ።

«ምን አሉ?»

«ዲሌይ ነው አሉ፣ እማዬ።»

«ዲሌይ ማለት መዘግየት አይደል እንዴ? እሱንማ አየሁት። ለምን ዘገየ ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ጥያቄዋን ይዤ ብዙ አነበብኩ፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችንም አስቸገርኩ። እናቴ ሳታውቀው ዋናውን ጥያቄ ነበር የጠየቀችው። ካሳ ማግኘትና አለማግኘት በአብዛኛው የሚወሰነው መዘግየቱ በምን ምክንያት መጣ በሚለው ነው። በዚያች ሌሊት ጌቱ ላይ አራት ማስታወቂያ ተነግሯል፤ በተነገሩበት ቅደም ተከተል ልሂድ።

«አውሮፕላኑ ገና አልደረሰም»

ጠዋት አራብሳ ታክሲ ተራ የሚሰለፍ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም። ታክሲው የዘገየው አራብሳ ላይ በሆነ ነገር አይደለም፤ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ገንዘብ ስለማያመጣ ከአንዱ በረራ ወርዶ ለሚቀጥለው እስኪነሳ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ጠዋት አንድ ከተማ ላይ የጠፋች አንድ ሰዓት ማታ ሌላ አህጉር ላይ ብቅ ትላለች።

አየር መንገዶች ለእያንዳንዱ መዘግየት የቁጥር ኮድ ይሰጣሉ፤ ኮዶቹን ያወጣው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር፣ ኢያታ ነው። በ40ዎቹ የሚጀምሩት የቴክኒክ ችግር ናቸው፣ በ70ዎቹ የሚጀምሩት የአየር ሁኔታ፣ በ80ዎቹ የሚጀምሩት ደግሞ የአየር ትራፊክና የባለሥልጣን ጉዳይ። 93 ቁጥር ማለት «ይህን በረራ የሚሠራው አውሮፕላን ከቀድሞው በረራው ዘግይቶ መጣ» ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ተደጋግሞ የሚጻፈው የዚህ ዓይነቱ፣ ከሌላ መዘግየት የተወለደ መዘግየት ነው።

ቦሌ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ቦሌ መገናኛ ነው፣ የአውሮፕላን መገናኛ። ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡት ማምሻውን ይገባሉ፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ ይወጣሉ። ከአንዱ ከተማ የሚመጣው ሲዘገይ በውስጡ ለአሥር የተለያዩ በረራዎች የሚቀያይሩ ሰዎች አሉ። ጥለናቸው እንሂድ ወይስ እንጠብቃቸው? ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰዎች ይህንን ሲያሰሉ ያድራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር። ፍላይትራዳር የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ የበረራ ቁጥሩን ስታስገቡ ብዙ ጊዜ ለበረራው የተመደበው አውሮፕላን መለያ ይወጣል (የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ በ«ኢ.ቲ» ይጀምራል)። መለያውን ስትነኩት አውሮፕላኑ አሁን የት እንዳለ ታያላችሁ። የምትሳፈሩበት አውሮፕላን ገና ሦስት ሰዓት የሚርቅ ሰማይ ላይ ከሆነ፣ ጌቱ ላይ ያለው ሰሌዳ «በሰዓቱ» ቢልም እናንተ እውነቱን አውቃችኋል ማለት ነው። ልጆቹን ለማስተኛት ያ ጊዜ ወርቅ ነው።

«መካኒኮች እያዩት ነው»

አውሮፕላኑ 7 ሰዓት ላይ መጣ። ጭብጨባው ሳያባራ ሁለተኛው ማስታወቂያ ተከተለ።

ብዙ ሰው «ቴክኒክ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። እናቴም «ታሟል እንዴ?» አለችኝ። እያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ግን «ይህ ዕቃ ባይሠራም መብረር ይፈቀዳል፤ ያኛው ካልሠራ አይፈቀድም» የሚል ዝርዝር አለው፣ ኤም.ኢ.ኤል ይባላል። የአንድ መቀመጫ ስክሪን ባይበራ ይበረራል። ሌላ ዕቃ ባይሠራ ደግሞ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል፤ ዝቅ ብሎ መብረር ወይም ጭነት መቀነስ ሊኖር ይችላል። ካፒቴኑና መካኒኩ ዝርዝሩን ከፍተው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ መካኒክ እያየው መሆኑ ከሌላው ማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ሊያረጋጋን የሚገባ ነው፤ የሚያስፈራው ሳይታይ ቢነሳ ነበር።

የሚያበሳጨው ሌላ ነው፦ «ከአንድ ሰዓት በኋላ»፣ ከዚያ እንደገና «ከአንድ ሰዓት በኋላ»። ለምን በአንድ ጊዜ «ከአምስት ሰዓት በኋላ» አይሉም? አንደኛ፣ ራሳቸውም አያውቁትም፤ የተበላሸው ዕቃ ተፈቶ ካልታየ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ማንም አይናገርም። ሁለተኛ፣ «አምስት ሰዓት» ብለው ተሳፋሪውን ከበተኑ በኋላ ችግሩ በ40 ደቂቃ ቢፈታ 300 ሰው መልሶ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህን ስል ለእነሱ መከራከሬ አይደለም። ሰው ምክንያቱ ቢነገረው ይታገሳል፤ ምክንያት ሳይነገረው በየሰዓቱ ተስፋ ሲሰጠው ግን ይቃጠላል።

በጨዋታ መሐል፣ ቦሌ ከአብዛኞቹ ኤርፖርቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ማኮብኮቢያው 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው። በዚሁ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ እየቆመ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳይቆም ይመጣ ነበር። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሳት ከባድ ነው። ረጅም በረራዎች ሌሊት መውጣታቸውም ይጠቅማቸዋል፤ ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወፈር ይላል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ቦታው በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ ይህ ሸክም ይቀልለታል።

«የበረራ ሠራተኞች ሊቀየሩ ነው»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት። መካኒኮቹ ጨረሱ። አብራሪዎቹና ሆስተሶቹ ግን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ! ጌቱ ላይ ጩኸት ተነሳ፤ እህቴ በድምፅ የላከችው መልእክት ላይ «እናንተም ደከማችሁ?» የሚል የወንድ ድምፅ ይሰማል።

ነገሩ ድካም ብቻ አይደለም፣ ሕግ ነው። አብራሪ በአንድ ፈረቃ የሚሠራበት ሰዓት ጣሪያ አለው። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ በሁለት አብራሪዎች ለሚሠራ በረራ ፈረቃው እንደሚጀመርበት ሰዓትና እንደ በረራዎቹ ብዛት ከ9 እስከ 14 ሰዓት ነው፤ ለረጅም በረራ ተጨማሪ አብራሪ ተጭኖ በየተራ ሲተኙ ሰዓቱ ይራዘማል። ቁም ነገሩ ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ሲነሳ ሳይሆን አብራሪው ሥራ ሲገባ መሆኑ ነው። ሦስት ሰዓት መሬት ላይ ሲጠብቅ ሦስት ሰዓቱ ተበላ። የቀረው ሰዓት በረራውን የማያደርስ ከሆነ መነሳት አይችልም። ተጠባባቂ ቡድን ከቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ፣ ፍተሻውንና ወረቀቱን እስኪጨርስ ሌላ ሰዓት ይሄዳል። የሁለት ሰዓት መዘግየት ወደ አምስት የሚዘለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሌላ መዝለያ አለ። የፍራንክፈርት ኤርፖርት ከሌሊቱ 23:00 እስከ 5:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለነዋሪው እንቅልፍ ሲባል በመደበኛነት በረራ አይስተናገድበትም። 22:30 ላይ መነሳት የነበረበት አውሮፕላን 40 ደቂቃ ቢዘገይ አዳሪ ሊሆን ይችላል። (አራብሳ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር እናቴ ምን ሰምታ ታድር ነበር?)

«ሻንጣ እየወረደ ነው»

አራተኛው ማስታወቂያ አጭር ነበር። ሁሉም ተሳፍሮ አንድ ሰው ጠፋ። ሻንጣው የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው፣ ባለቤቱ ግን የለም። በዓለም አቀፍ በረራ ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ ይዞ መነሳት ክልክል ነው። ይህ ሕግ የጠነከረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለቤታቸው ባልተሳፈረ ሻንጣ ውስጥ በተደበቁ ፈንጂዎች አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ከወደሙ በኋላ ነው። ከመቶዎች መካከል አንዷን ሻንጣ ፈልጎ ማውጣት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውየው፣ እህቴ እንዳለችው፣ ጥግ ይዞ ተኝቶ ነበር።

ሰማዩ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲነሳ አብዛኛው የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ፤ ከእኛ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነባቸው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ አፋር ውስጥ ሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰና እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። ዴልሂ ላይ ትኬቱን ይዞ የቀረ ሰው አፋር የት እንደሆነ በዚያ ቀን ሳይማር አልቀረም። የዚህ ዓይነቱ ምክንያት ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ካሳ አያስገኝም፤ ምግብና ማረፊያ ግን ሕጉ ባለበት አገር አይቀርም።

አንድ ትኬት ወይስ ሁለት?

አምስት ሰዓት ዘግይቶ የተነሳው አውሮፕላን አውሮፓ ሲደርስ ወደ አሜሪካ የሚወስዳቸው ሄዶ ነበር። እዚህ ላይ እህቴን ያዳናት ትኬቱ አንድ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መጨረሻው ከተማ በአንድ የቦታ ማስያዣ ኮድ ከተቆረጠ፣ ኮኔክሽን ሲያመልጥ በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ዕዳ ነው።

ሁለት ቦታ የተቆረጠ ትኬት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እኛ ብሎክ ያለ ጎረቤታችን ይረክስልኛል ብሎ እስከ ዱባይ አንድ፣ ከዱባይ ወዲያ ሌላ ትኬት ገዛ። የመጀመሪያው ዘገየ። ሁለተኛው አየር መንገድ እሱን የሚያውቀው «ያልመጣ ሰው» ብሎ ነው፤ ኖ ሾው ይሉታል። ያልመጣ ሰው ደግሞ ያመለጠው አንድ በረራ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የመመለሻውም ይሰረዛል። ያተረፋት ገንዘብ ሦስት እጥፍ ሆና ከኪሱ ወጣች።

ለቤተሰብ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የእናት ትኬት እዚህ፣ የልጆቹ ደግሞ ውጭ ባለው አባት በኩል ሲገዛ ኮዱ ሁለት ይሆናል። በረራ ሲያመልጥ ሲስተሙ ሰውን የሚያዛውረው በኮድ ነው፣ ዝምድና አያውቅም። እናትን ለነገ፣ ልጆቹን ለዛሬ ማታ ሊመድብ ይችላል። ከጉዞው በፊት ትኬት ኦፊስ ሄዳችሁ ኮዶቹ እንዲተሳሰሩ ጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ፓስፖርት ሲመዘን

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከዚያ አውሮፕላን ኮኔክሽን ያመለጣቸው ብዙ ነበሩ። አብዛኞቹ የሆቴል ወረቀት ተሰጥቷቸው በአውቶቡስ ሄዱ። እህቴ 3 እና 8 ዓመት ልጆቿን ይዛ የትራንዚት ወንበር ላይ 22 ሰዓት ተቀመጠች። አድልዎ መስሏት ተጣልታለች። ሆቴሉ ግን ከፖሊሱ መስኮት ወዲያ ነው ያለው፤ መስኮቱን ለማለፍ የሸንገን፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ቪዛ ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ የላትም።

በሸንገን አገሮች ደንብ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከኤርፖርት ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህ ግዴታ በጋራ የተጣለባቸው 12 አገሮች ናቸው፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ናይጄሪያም አሉበት። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። እህቴ የአሜሪካ ቪዛ ስለነበራት አልፋለች። ነፃነቱ ግን በትራንዚት ክልል ውስጥ ለመቀመጥ ብቻ ነው፣ አልጋ ድረስ አያደርስም። የድንበር ፖሊስ በልዩ ሁኔታ እዚያው ቪዛ የመስጠት ሥልጣን አለው፤ ግዴታ ግን የለበትም፣ የመስጠቱም ነገር ብርቅ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ለሌሎቹ ወዲያው ሌላ መንገድ እያገኘች ሰጠቻቸው፤ በሌላ የአውሮፓ ከተማ ዞሮ በዚያው ቀን አሜሪካ የሚገባ። ለእህቴ አልሆነም። ፓሪስ ገብታችሁ ከፓሪስ አምስተርዳም ብትሄዱ እሱ ትራንዚት አይደለም፣ እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው የሚቆጠረው። ፓሪስ ላይ ድንበር አልፋችሁ መግባት አለባችሁ፣ ለዚያ ደግሞ ሙሉ ቪዛ። በረራ እያለ፣ ባዶ ወንበር እያለ፣ ፓስፖርቱ ስለማያሳልፍ ብቻ ቀጥታውን መጠበቅ ግድ ነው። የአሜሪካ ኤርፖርቶች ደግሞ ከዚህም የጠበቁ ናቸው፤ እዚያ ሳይገቡ ማለፍ የሚባል ነገር የለም፣ ወደ ሌላ አገር ለሚያልፍ ሰውም ቪዛ ይጠየቃል።

ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ «ስንት ብር ነው» ከማለታችሁ በፊት «ብንቀር የት እናድራለን» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሆቴል ሊያወጣው በሚችል ከተማ በኩል ለማለፍ ጥቂት ቢጨምር አይቆጨውም።

ለስደተኛ ቪዛ ተጓዦች ሌላ ሰዓትም ይቆጥራል። የአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ቢበዛ 6 ወር ነው የሚጸናው፣ እንደ ሕክምና ምርመራው ቀን ደግሞ ሊያጥር ይችላል። የእህቴ ሊያበቃ 9 ቀን ቀርቶት ነበር። ዕቃ ስንሸጥ፣ ቤት ስናስረክብ፣ ሽኝት ስንደግስ ነው ቀኑን የበላነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ቢደርስባት ምን ይሆን ነበር የሚለውን ዛሬም ማሰብ አልወድም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኤርፖርት ላይም አዲስ ገቢ ሰው በተለየ ክፍል ወረቀቱ ይታያል፣ ሻንጣውን ራሱ አውጥቶ ጉምሩክ አልፎ እንደገና ያስረክባል። ለዚያ ሦስት አራት ሰዓት የሌለው ኮኔክሽን አትቁረጡ።

ገንዘቡስ?

«600 ዩሮ ይከፈልሻል» ያላት ሰው ትራንዚት ላይ አላጣችም። ይህ ወሬ እውነት አለው፣ ለእሷ ግን አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 261/2004 ደንብ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ በረራ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው እስከ 600 ዩሮ ያስከፍላል። ግን ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ጉዞው ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት መነሳት አለበት፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን፤ ወይ ወደዚያ የሚሄደው አየር መንገድ የአውሮፓ ኅብረት መሆን አለበት። እህቴ ከአዲስ አበባ ነው የተነሳችው፣ አየር መንገዱም የአውሮፓ አልነበረም። ያው አየር መንገድ፣ ያው አውሮፕላን ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ እንዲህ ቢዘገይ ግን ደንቡ ይሠራ ነበር። የቴክኒክ ብልሽት በአብዛኛው ሰበብ ሆኖ እንደማያድን የኅብረቱ ፍርድ ቤት ወስኗል፤ አውሎ ነፋስና የተዘጋ ሰማይ ግን ያድናሉ። እማዬ «ለምን» ያለችው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ለመዘግየት ካሳ የላትም። ያላት ተመላሽ ነው፦ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወይም ከዚያ የሚነሳ ዓለም አቀፍ በረራ ከ6 ሰዓት በላይ ከተቀየረና ተሳፋሪው አልሄድም ካለ፣ ትኬቱ የማይመለስ ቢሆንም ገንዘቡ ይመለሳል። ቤቱን ለቆ ለወጣ ቤተሰብ ይህ ብዙ አይረባም።

ለእህቴ የቀረላት የ1999 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አሜሪካም አባል ናቸው። ስምምነቱ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት አየር መንገዱን ተጠያቂ ያደርጋል። የተጠያቂነቱ ጣሪያ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለአንድ ሰው 6,303 ኤስ.ዲ.አር ሆኗል። ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ በዶላር ሲታሰብ ከ8 ሺህ በላይ ይሆናል። አትደሰቱ! ጣሪያ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። የሚከፈለው በደረሰኝ ላረጋገጣችሁት ወጪ ነው፤ አየር መንገዱም የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ለልጅ የተገዛ ዳይፐር፣ ምግብ፣ ያመለጠ የሆቴል ክፍያ፣ የሁሉም ደረሰኝ ይያዝ። ከካውንተሩም «የዘገየበት ምክንያትና የዘገየበት ሰዓት» በጽሑፍ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ፤ እኛ ግን መጠየቅ እናፍራለን።

ሰዓቱ ራሱ ሲያሳስት

ከአየር መንገዱ ሳይሆን ከእኛ የሚመጣ መዘግየትም አለ፣ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የተሰጠ። ትኬቱ ላይ «ረቡዕ 00:20» ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ለእኛ ግን እስኪነጋ ድረስ ማክሰኞ ሌሊት ነው። የቀድሞ ሰዎች «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚሉት ይህንን ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ጭኖ ቦሌ የደረሰ፣ አውሮፕላኑ ትናንት እንደሄደ የተነገረው ቤተሰብ አውቃለሁ። ቦሌ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚወጣው በረራ ብዙ ስለሆነ ይህ ስህተት ይደጋገማል። በ00 የሚጀምር ሰዓት ካያችሁ «ከዋዜማው ማታ 3 ሰዓት ኤርፖርት» ብላችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ስለ እጅ ሻንጣ ብዙ አልልም። የልጅ መድኃኒት፣ ቅያሬ ልብስና ቻርጀር ከእጅ አይራቅ። እህቴ ልጆቿን 22 ሰዓት ያኖረችው እናቴ በግድ ያስያዘቻት ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ነው። «ኪሎው በዛ» ብዬ ላስቀረው ስል የተቆጣችኝን ቁጣ አልረሳውም።

በመጨረሻ ደረሱ፤ አንዱ ሻንጣ ግን ቀረ፣ በርበሬውና ሽሮው ያለበት። ሻንጣ ሲቀር ከኤርፖርቱ ሳይወጡ የሻንጣ ክፍል ሄዶ ፎርም ማስሞላትና የፎርሙን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። የዘገየ ሻንጣ ከመጣ በኋላ ቅሬታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ለተበላሸ በ7 ቀን ውስጥ። የሻንጣው ጣሪያ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው። የእህቴ በአምስተኛው ቀን መጣ፣ ሽሮው ፈሶ ልብሱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ፤ በሰባት ቀን ውስጥ ፎቶውን አያይዛ ልካለች።

የመዘግየቱን ማመልከቻ የጻፍነው እኔና እሷ በስልክ ነው። የ11 ደረሰኞች ፎቶ፣ የአራቱ ማስታወቂያዎች ሰዓት ከቴሌግራም የተወሰደ፣ የሁለቱም በረራዎች ቦርዲንግ ፓስ። እስካሁን «ደርሶናል» ከሚል መልእክት ሌላ ምላሽ የለም። በስምምነቱ ፍርድ ቤት መሄጃው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። እናቴ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልቼ እንድነግራት ጠይቃኝ፣ በትልልቅ ፊደል አስጽፋ የፍሪጁ በር ላይ ለጥፋዋለች።